የአመራር ሥልጠናና የቡና ለቀማ ወራት

ኤች.አይ.ቪ. በአገራችን መኖሩ ከታየበት ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም የመከላከያና መቆጣጠሪያ ጽሕፈት ቤቱ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ከተቋቋመ በኋላ፣ በየወረዳው መከላከሉን የሚመሩ ኃላፊዎችን ማሠልጠን እንደ ዋና መሣሪያ ተቆጥሯል። መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ነቀፌታችን በአሰጣጡ ላይ ነው።

በአዳራሽ ውስጥ በጀትና የሪፖርት አጻጻፍ ብቻ የተማረ ኃላፊ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ ለቃሚው ከሩቅ ይመጣል፤ ገንዘብ በእጁ ይገባል፤ ከቤተ ሰቡ ርቆ ያድራል። ዕቅዱ ዓመቱን በአራት እኩል ክፍል ብቻ ከፍሎ የሚሄድ ከሆነ፣ ኮንዶሙም መርማሪውም ለቀማው ካለፈ በኋላ ሊደርሱ ይችላሉ። በሪፖርቱ ሥራው ተሠርቷል፤ ለለቃሚው ግን አልተሠራም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ በማስተማር የታወቀ ነው። ሠልጣኙም እንዲሁ ከዕድር ዳኛው፣ ከቡና ማጠቢያው ኃላፊና ከመጠጥ ቤት ባለቤቶች ጋር ተቀምጦ ለለቀማው ወራት አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ፈተናውም ይኸው ይሁን። የምስክር ወረቀቱ ሥልጠናው ባለቀ ዕለት ሳይሆን ለቀማው ባለቀ ማግሥት ቢሰጥ ይሻላል እንላለን።