ያልተነበበ ዋቢ

የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጀምር የሌላውን ቃል ወይም ሐሳብ ምንጩን ሳይጠቅስ እንዳይወስድ ይነገረዋል። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የደከመውን ሰው ስም ለማክበር ያህል ብቻ ተደርጎ ነው። በሕክምና ሙያ ምንጭ መጥቀስ ከዚህ የከበደ ተግባር አለው፤ አንድ አባባል ወደ መድኃኒት ማዘዣ ከመድረሱ በፊት አንባቢው መነሻውን ሄዶ እንዲመረምር ያስችለዋል። ስለዚህ የጽሑፍ ስርቆት ትርጉም ምንጭን ከመደበቅ አልፎ ያልተነበበን ጽሑፍ እንደተነበበ አድርጎ መጥቀስንም ሊያካትት ይገባል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ በአሜሪካው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት አጭር ደብዳቤ ነው። ርዝመቱ አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙ 39,946 ሕሙማን መካከል 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ናርኮቲክ መድኃኒት እንደተሰጣቸው፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ መያዛቸው በአጥጋቢ ሁኔታ የተመዘገበው ግን 4 ብቻ መሆናቸውን ገለጹ።

ደብዳቤው በመረጃው ወሰን ውስጥ ሐቀኛ ነው። ስለ መድኃኒቱ መጠን፣ ስለ ተሰጠበት ጊዜ ርዝመት፣ ሕሙማኑ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ስለ ገጠማቸው ነገር ግን አይናገርም። ሥር በሰደደ ሕመም ምክንያት መድኃኒቱን በቤቱ ለወራት ስለሚወስድ ሰው ከዚህ ጽሑፍ መደምደሚያ ማውጣት አይቻልም።

ይሁንና ብዙዎች አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የታተመ ጥናት ደብዳቤው 608 ጊዜ መጠቀሱን አረጋገጠ። ከጠቀሱት ጽሑፎች 439ኙ ወይም 72.2 በመቶው ሱስ እምብዛም እንደማይከሰት ማስረጃ አድርገውታል፤ 491ዱ ወይም 80.8 በመቶው ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አላመለከቱም። አጥኚዎቹ ይህ የአጠቃቀስ ልማድ ለሰሜን አሜሪካ የኦፒዮይድ ቀውስ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ያምናሉ። ደብዳቤው ብቻውን ቀውሱን አላመጣም፤ የሐኪሞችን ጥንቃቄ ለማላላት ግን አገልግሏል።

ጠቃሾቹ በተለመደው ትርጉም አልሰረቁም፤ ምንጫቸውን አስፍረዋል። ነገር ግን አምስት ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ስለ ሆስፒታል መነገሩን ለመሳት ይከብደዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ዋቢውን ከሌላ ጸሐፊ የዋቢ ዝርዝር ገልብጠዋል ብሎ መጠርጠር ያለ ምክንያት አይሆንም። እንዲህ ያለ ጸሐፊ የሌላውን ሰው ንባብ የራሱ ያስመስላል፤ ከንባቡም ጋር ስሕተቱን ይወርሳል፤ ለሚቀጥለውም ያወርሳል።

መጻሕፍትና መጽሔቶች እንደ ልብ በማይገኙበት የሕክምና ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪም ሐቀኛ መንገድ አለው። ዋናውን ጽሑፍ ካላገኘ፣ ሐሳቡን ያየው በሌላ ጸሐፊ ሥራ ውስጥ ተጠቅሶ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ። አማካሪ መምህሩም ከዋቢዎቹ አንዱን መርጦ ጥናቱ በእነማን ላይ፣ የትና ለምን ያህል ጊዜ እንደተካሄደ ይጠይቀው። ተማሪው መመለስ ካልቻለ ዋናውን ጽሑፍ አግኝቶ ያንብብ፤ አለዚያ ዋቢው ከዝርዝሩ ይውጣ።