«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በወሎ ቦረና ላለችው ለመካነ ሰላም ሰው ውኃ ሲባል ቀድሞ የሚታየው ዓባይ ነው፤ ያውም ከገደል በታች። አውሮፕላን የምትንከባከብ የጦር መርከብ ግን ኢትዮጵያም ነበረቻት። እ.ኤ.አ. በ1944 አገልግሎት የጀመረችው የአሜሪካ «ኦርካ» የተሠራችው ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ እንድትሞላ፣ እንድትጠግንና ሠራተኞቻቸውን እንድታሳድር ነበር። በ1962 ለባሕር ኃይላችን ተሰጠችና «ኢትዮጵያ» ተባለች። ካዴቶች ባሕሩን ተማሩባት። በ1991 የመን ገባች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እኔን የሚያስደንቀኝ መድፏ አይደለም። መርከብ ወደብ ስትጠጋ አንዱ ቀጭን ገመድ ይወረውራል፤ ምድር ላይ ያለው ይቀልብና ወፍራሙን ይስባል። ከታች ሞተር ክፍል ያለው ደግሞ ባሕሩንም ወደቡንም ሳያይ፣ ከላይ በሚመጣለት ትእዛዝ ብቻ ፍጥነት ይቀንሳል። አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይጋጫል። የቦረና የጤፍ አጨዳ ደቦም እንዲሁ ነው፤ ሰልፉ የሚሄደው በአንድ እጅ ምት ነው። ልዩነቱ፣ የመርከቡ ደቦ ማታ ጠላውን ወይም ቀሪቦውን ጠጥቶ ወደየቤቱ አይበተንም። ቀን የተኳረፍከው ሰው ከአልጋህ በላይ ይተኛል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለጥበቃ ተራ የሚቀሰቅስህም እሱው ነው።