ከኦምዱርማን እስከ ዴም

ካርቱም ውስጥ የአዋቂዎች ትምህርት የዓርብ ነገር ነበር። እሑድ እንደማንኛውም ቀን ይሠራል፤ ቅዳሜም ለቢሮ ሠራተኛ እንጂ ለሰው ቤት ሠራተኛ ዕረፍት አይደለም። ከአገር ቤት መጥተው በሰው ቤት የሚሠሩት፣ መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉት፣ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥቡት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን መሳሙም፣ ዘመድ መጠየቁም፣ ብር መላኩም፣ ፊደል መቁጠሩም የሚደርሳቸው በዚያችው አንዲት ቀን ነበር። ከዚያች ቀን ላይ ቆርሳ ለደብተር የሰጠች ሴት ፊት መምህር ዝም ብሎ አይቆምም።

የማስተምረው ዴም ነበር። ዴም ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ያለ የድሮ የሠራተኞች ሠፈር ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የበርበሬ ሱቅና የቡና ቤት ሞልቶት ነበር። ተማሪዎቹ ከባህሪም ከጅሬፍም ይመጣሉ። የኦምዱርማኖቹ የተለዩ ነበሩ፤ ጓደኛሞች ስለሆኑ ገንዘብ አዋጥተው አምጃድ ይኮናተራሉ። አምጃድ አዲስ አበባ ዳማስ የምንላት ትንሿ የኮሪያ መኪና ናት። እኔም ቤቴ ኦምዱርማን ስለነበር አብሬያቸው ተጣብቤ እሄዳለሁ። ብዙ መምህራን ከተማሪ ጋር አንድ መኪና መሳፈር ክብር ይቀንሳል ይላሉ። የእኔ አስተያየት ተቃራኒው ነው፤ አዋቂን የሚያስተምር ሰው ቢችል ከተማሪዎቹ ጋር ይሳፈር።

ምክንያቱም አዋቂ ሰው ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» አይልም። ልጅ ይላል። የሦስት ልጆች እናት ግን በሰው ፊት እንዲህ ከምትል ዝም ብላ ብትገለብጥ ትመርጣለች። ያው ሴትዮ መኪና ውስጥ ከጓደኞቿ መሀል ስትቀመጥ አፏ ይፈታል። «ትናንት እመቤቲቱ የሰጠችኝን ቁጥር ደወልኩ፤ አልሠራም አለኝ።» «የቱ ቁጥር? እስቲ አሳዪኝ።» ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እኔ መስኮቱ ዳር ሆኜ የዕለቱን ትምህርት በሐሳቤ እሰርዝና እንደገና እጽፋለሁ። ከነጭ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ብዙ ጊዜ ያዘጋጀሁት ትምህርት ሌላ ሆኗል። ሞግረን ላይ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሲገናኝ ከዚያው ይታያል፤ ክረምት ሲሆን የአገራችንን አፈር ተሸክሞ ይደፈርሳል። አዲስ መጤ እንግዳ ያንን አይቶ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ተማሪዎቼ ግን ጭቅጭቃቸው ስለ ስልክ ቁጥሩ ነበር።

ስልክ ቁጥሩ ያልሠራው በነጥብ ምክንያት ነው። ሱዳን ውስጥ የእጅ ስልክ በዜሮ ይጀምራል፤ የዓረቦቹ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። ተማሪዋ የቀለም ጠብታ መስሏት ትታዋለች። እኛ ዜሮ የምንለው ክብ እነሱ ዘንድ አምስት ነው። ስድስታቸው የእኛን ሰባት ይመስላል። ሰባታቸው ወደ ላይ የተከፈተ ቅርንጫፍ ሲሆን ያው ተገልብጦ ሲቀመጥ ስምንት ነው። አንድና ዘጠኝ ብቻ ብዙም አያስቸግሩም። ዓማራት መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩበት የባለሀብት ሠፈር ነው፤ እዚያ መንገድ 61 ላይ የምትሠራ ልጅ ታርጋውን 71 ብላ አንብባ ፀሐይ ላይ ስትንከራተት ብትውል አትፈረድባትም። ያየሁትን ልናገርና አገር ቤት አራት አምስት ክፍል የተማረች ከማታውቀው ይልቅ በዚህ ትቸገራለች፤ ያልተማረችዋ የምትረሳው ቁጥር የላትም።

ስለዚህ ቁጥርን ከአንድ ጀምሬ በተራ አላስተምርም። መጀመሪያ ነጥቧንና ክቡን፣ ቀጥሎ ስድስትን፣ ከዚያ ሰባትና ስምንትን አስይዛለሁ። መማሪያውም በየቦርሳቸው አለ። የሱዳን የብር ኖት ፊቱ በዓረብኛ፣ ጀርባው በእንግሊዝኛ ነው። ኩምሳሪው፣ ማለት ረዳቱ፣ የመለሰላትን ኖት ተማሪዋ ፊቱን አንብባ ቁጥሩን ትናገርና ገልብጣ ራሷን ታርማለች። እኔ ዝም እላለሁ። አዋቂ ሰው በመምህር ከመታረም በገንዘብ ቢታረም ይመርጣል፤ ቢያንስ አያፍርም። ሃምሳ ፓውንድ ላይ ክብና ነጥብ ጎን ለጎን አሉ፤ ገልብጠው 50 ሲያዩ ከት ብለው ይስቃሉ። ቃሉ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁጥሩ ደግሞ እንደ እኛው ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብም እዚያው ኖት ላይ ጣታቸውን አስኪጄ አሳያለሁ።

ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር የሚሊዮኑን ነገር ላንሳ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2007 ገንዘቧን ስትቀይር አዲሱ አንድ ፓውንድ በአሮጌው አንድ ሺህ ሆነ። ወረቀቱ ተቀየረ፤ አፍ ግን አልተቀየረም። ሰው አንድ ፓውንዱን «አልፍ» ማለትም ሺህ፣ ሺሁን ደግሞ «ሚሊዮን» ማለቱን ቀጠለ። አንድ ዓርብ ከጋይንት የመጣች ተማሪ አምጃድ ውስጥ ወረቀት አውጥታ፣ «ጋሼ፣ በወር ሁለት ሚሊዮን ብለው ቀጥረውኝ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሺህ ነው ያለው። ተበላሁ ወይ?» አለችኝ። አልተበላችም፤ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ይዞ ሰው ቤት መሥራት ከባድ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ «ሦስት ዜሮ ከአፋቸው ላይ ቀንሺ» አለቻት። ከእኔ ማብራሪያ ያ ይሻል ነበር። ክፍል እንደደረስን ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ጎን የሚነገረው፣ ሌላው ጎን የሚጻፈው። ሽንኩርት፣ ትራንስፖርት፣ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ እያልን ሞላነው። ያን ዕለት ፊደል የሚባል ነገር አልነካንም።

አምጃዷን የሚነዳልን አዛውንት ሱዳናዊ ነበር። እኛ ስንቆጥር እሱ ያንጎራጉራል። አንዴ ምን እንደሚዘፍን ብጠይቀው ዘፈን አይደለም፣ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ነጭ ዓባይ ዳር፣ ዱዌም ከተማ አጠገብ፣ በኽት አር-ሩዳ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1934 ተቋቁሟል፤ የመጀመሪያው ኃላፊ እንግሊዛዊው ግሪፊትስ ነበር። አብሮት የሠራው ዐብዱረሕማን ዐሊ ጣሃ፣ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር የሆነው፣ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች በተዘጋጀው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ተማሪውን በሐሳብ መንገድ አስወጣው። ልጁ ከአገር አገር እየዞረ በየደረሰበት ወዳጅ ይጎበኛል። ሰሜን ጎሌድ ላይ ሲዲቅ የሚባል ጓደኛ ያገኛል፤ ጀዚራ ላይ ጥጥ ከሚያመርት ቤት ያርፋል፤ አትባራ የባቡር ሠራተኞችን ያያል፤ ደቡብ ድረስ እስከ ያምቢዮ ይወርዳል። ሰው በምን እንደሚተዳደር የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ነው። ጉዞው በግጥም ስለተጻፈ ዕድሜው የገፋ ሱዳናዊ ሁሉ ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል። ያ ሽማግሌ ትምህርት ካቆመ ስንት ዘመኑ፤ መንገዱን ግን አንድ ከተማ ሳይዘል ቆጠረልኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ የኦምዱርማን–ዴምን መንገድ የንባብ መጽሐፍ አደረግኩት። የምናልፍባቸውን ስሞች ተማሪዎቹ በአማርኛ ፊደል ይጽፋሉ፤ ሞግረን፣ ሱቅ ዓረቢ፣ ሰሃፋ። ቀጥሎ በዓረብኛ ከመንገዱ ሰሌዳ ላይ ይለዩታል። ከየፌርማታው አንድ የምናውቀው ሰው እናስገባለን፤ እዚህ የምትሠራው የአክስት ልጅ፣ እዚያ ሻይ የምትሸጠው የአገር ልጅ። በዚያ ላይ ሃፍላ በሚባለው አውቶቡስ ውስጥ ጣትን ጠቅ አድርጎ ወራጅ መኖሩን ማሳወቅ፣ ሒሳቡን ከኋላ ወንበር በሰው እጅ ማሳለፍ፣ መልሱን መቁጠር፤ ሁሉም አረፍተ ነገር ሆኖ ተጻፈ። ሰዓትም ተጨመረበት፤ አሠሪዋ ሰባት ስትል ለእኛ አንድ ሰዓት መሆኑን እስኪለምዱ ድረስ ከሥራ የቀሩ ነበሩ።

በጓደኛሞች አቀማመጥ ላይም መምህራን ይከራከራሉ። ወሬ እንዳያበዙ ለያያቸው ይሉኛል። እኔ ለያይቼ አላስቀምጥም። አዋቂ ሰው የሚመጣው ከሰው ጋር ነው፤ አንዷ ስትቀር ሁለተኛዋ ብቻዋን የአምጃድ ሒሳብ አይከብዳትም ወይ? ሦስተኛዋም ትከተላለች። የ1971 ዓ.ም.ን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያስታውስ ሰው የሚነግረኝም ይህንኑ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ተሸልሟል። ሆኖም የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ በኋላ የሚያነቡት ነገር አጥተው መልሰው ረሱት። ያልረሱት፣ እኔ ያገኘኋቸው፣ ከጎረቤት ጋር ደብዳቤ የሚነበብበት ቤት የነበራቸው ናቸው።

2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን ዓርብ ስቅለት ስለነበር ትምህርት አልነበረም። በማግስቱ ቀዳም ሥዑር ጠዋት ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ኦምዱርማንን ከካርቱም የሚያገናኙት ድልድዮች ለሰላማዊ ሰው የማይታሰቡ ሆኑ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በወድ መዳኒና በገዳሪፍ አድርገው፣ ጋላባትን ተሻግረው መተማ ገቡ። ያ መንገድ ውድ ነበር። አንዷ በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ አንድ ሹፌር ዋጋውን በሚሊዮን ሲጠራ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ደንግጠው ማልቀስ ጀመሩ። እሷ ሦስቱን ዜሮ ቀንሳ፣ ለስድስት አካፍላ፣ እንደገና ተከራክራ አሳፈረቻቸው።

አሁን የማስተምረው ጎንደር ነው። የምዝገባ ቅጹ ስም፣ ዕድሜና የክፍል ደረጃ ይጠይቃል። እኔ ከጎኑ በእርሳስ በየት፣ በምን፣ ከማን ጋር እንደሚመጡ እጨምራለሁ። «ብቻዬን» የምትለውን መንገዷ ከሚገጥም ሌላ ተማሪ ጋር አገናኛታለሁ፤ ደብተር የማድለው ከዚያ በኋላ ነው።