የብረቱን ግለት ማንበብ

ድጉስ መጽሐፍ እጃችን ሲገባ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው መሐሉ ላይ ከተደጎሰው መስቀል ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ፤ መስቀሉ ካማረ ሥራው ሁሉ አማረ እል ነበር። ከዚህ ልማድ ያላቀቁኝ ጎንደር ውስጥ አንድ ደብር ቅጥር ጥግ ፍም አቅርበው የሚደጉሱ አረጋዊ የኔታ ናቸው። የአያቴን ዳዊት ላስጠግን ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ተቀበሉኝ፣ ተሳለሙት፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አዘንበለው የታችኛውን ማዕዘን ብቻ ደጋግመው ያዩ ጀመር።

«የኔታ፣ መስቀሉን አያዩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«መስቀሉንማ ማን ያበላሸዋል ልጄ! ደጓሽ ሁሉ እሱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሠራ። እኔ የምፈልገው ሲደክመው የሠራውን ነው።»

ድጎሳ ወርቅም ቀለምም አይገባበትም። ከዋንዛ ወይም ከመሰል እንጨት የተጠረበው የመጽሐፉ ሽፋን፣ ማለትም ገበታው፣ ቀይ ወይም ቡናማ ቆዳ ይለብሳል። ቆዳው በልኩ ረጠብ እንዳለ፣ ጫፉ የተቀረጸ ትንሽ ብረት ፍም ውስጥ ይግልና ይጫንበታል። ብረቱ ሲነሳ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። በቃ፣ ይኸው ነው። የምናየው ጌጥ በሙሉ የግለት፣ የርጥበትና የእጅ ክብደት ውጤት ስለሆነ፣ ድጉስ የሚመዝን ሰው እነዚህን ከቆዳው ላይ መልሶ ማንበብ አለበት።

ለዚህ ንባብ መስኮት አጠገብ ተቀመጡና ገበታውን ከጎን ለሚገባው ብርሃን አጋድሙት። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጥቁረቱን ብቻ ያሳያል፤ ከጎን የሚመጣው ግን ጥልቀቱን ያወጣዋል። አሁን ከክፈፉ አንድ ረድፍ ምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ የገበታውን ዳር ትይዩ መስመሮች ይከቡታል፤ በመስመሮቹ መካከል ትንንሽ ክበብ ወይም የተጠላለፈ መስቀለኛ ምልክት እየተደጋገመ ይሄዳል። ከግራ ጀምራችሁ በጣታችሁ ተከተሉት። ከፍም የወጣ ብረት የመጀመሪያ ምቱ ጥቁር ነው፤ ሁለተኛው ደማቅ ቡናማ፣ አራተኛው አምስተኛው እየሳሳ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ወደ ፍሙ ይመለሳል። ያልበሰለ ደጓሽ የሠራው ረድፍ ይህን ሁሉ ያወራል፦ ጠቆር፣ ሳሳ፣ ደግሞ ጠቆር፣ ደግሞ ሳሳ።

የኔታ ብረቱን ከፍም እንዳወጡ ገበታው ላይ አያሳርፉትም። መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ያስነኩትና ድምፁን ይሰማሉ። ከጮኸ ይጠብቃሉ። ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ ቁራጭ ቆዳ ላይ አንዴ ይሞክሩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጽሐፉ የሚመጡት። ግለቱ እየቀነሰ ሲሄድ እጃቸው ጠንከር ይላል፤ ብረቱም ቆዳው ላይ ጥቂት ይቆያል። ሙቀቱ የጎደለውን ክንዳቸው ይሞላዋል። ስለዚህ የርሳቸው ረድፍ ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ነው፤ ቀርቦ ላየው ግን አንዱ ምት በጥቂት ይጠልቃል፣ አንዱ በጥቂት ይጠቁራል። እኔ ጥሩ ድጎሳ የምለው ይህን ነው። ከዳር እስከ ዳር በጥልቀትም በቀለምም ፍጹም አንድ የሆነ ገበታ ካጋጠመኝ፣ ሙሉው ንድፍ በአንድ ቅርጽ ባንድ ጊዜ የተጨመቀ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

ጥቁረትን ከቃጠሎ መለየት ደግሞ ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ነው። በልኩ የጋለ ብረት የነካው ጎድጓዳ ወለሉ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ይላል፤ የቆዳው ገጽ አልተሰነጠቀም። ያቃጠለ ብረት ያለፈበት ግን ከሰል መስሎ ይደርቃል፤ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ብትነኩት ይፈረፈራል። እንዲህ ያለው ቦታ በጊዜ ብዛት ይቦደሳል። ርጥበት ሲበዛም ሌላ ጉዳት አለ። በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በራሰ ቆዳ ላይ ትኩስ ብረት የጫነ ደጓሽ ምልክቱ ዙሪያ የተጨማደደ ከንፈር ይተዋል። ዳግመኛ አይቃናም።

ወደ ማዕዘኑ እንምጣ። ሁለት ረድፎች የሚገናኙበት ቦታ የደጓሹን ሒሳብ ያሳያል። አስቀድሞ የለካ ሰው የመጨረሻው ምልክት ሙሉ ሆኖ ይገጥምለታል፤ ያልለካ ግን ቦታ ያጥረውና የመጨረሻውን በቀደመው ላይ ይደርበዋል፣ ወይም ግማሹን ከክፈፉ ያስወጣዋል። አንድ የተደረበ ምልክት ቢኖር እኔ ይቅር እላለሁ፤ ብዙ ጥሩ ሥራዎች ላይ አይቻለሁ። በአራቱም ማዕዘን ከተደጋገመ ግን መለኪያ አልነበረም ማለት ነው። መስመሮቹንም እዩ፤ ሲገናኙ ቆመዋል ወይስ ተሻግረው ወደ ገበታው ጠርዝ ሄደዋል? በስለታም ብረት ተጎትቶ ቆዳውን የቆረጠ መስመር ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቆዳው ወደፊት የሚከፈተው በዚያው ነውና።

መጽሐፉን ክፈቱት። ሠሪው ማንም አያየውም ያለው ቦታ የገበታው ውስጠኛ ፊት ነው። ቆዳው ከውጭ ታጥፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ጠርዙ በስሱ ተፍቆ ከሆነ ጣት ሲያልፍበት እምብዛም አይሰማም፤ ካልተፋቀ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፣ ብራናውንም ይጫነዋል። መሐሉ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ ግምጃ ወይም ሌላ ያማረ ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ መስታወት የተገጠመባቸውም አሉ። ገበታው በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ተሰንጥቆ በክር ወይም በጅማት ተሰፍቶ ብታገኙት እንከን አድርጋችሁ አትቁጠሩት። አንድ ትውልድ መጽሐፉን አልጥልም ብሎ ያደረገው ነውና እኔ ከጌጡ እኩል ነው የማከብረው።

ጀርባውን ስትዳስሱ ድጎሳው እዚያም መቀጠሉን አረጋግጡ። ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ያለው የጠፍር ጉንጉንም ጥብቅ መሆን አለበት። መጽሐፉ ሲዘረጋ ሳይታገል ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል፤ ይህ የጥራዙ ስፌት ውለታ ቢሆንም፣ ግትር ቆዳ ያለበሰ ደጓሽ ያበላሸዋል።

ስለ ዛሬው ገበያ ዝም ማለት አልችልም። አዲስ አበባ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር «ጥንታዊ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ትንሽ መጽሐፍ አለኝ። ቤቴ ወስጄ መስኮት አጠገብ ሳጋድመው ነገሩ ገባኝ። ጥቀርሻው በጎድጓዳውም በከፍታውም እኩል ተቀብቷል፤ የጭስ ሽታው ደግሞ ለሳምንታት አልለቀቀም። በእውነት ያረጀ ገበታ እጅ የሚነካው ቦታ ያብለጨልጫል፦ በምልክቶቹ መካከል ያለው ከፍታ፣ የታችኛው ጠርዝ፣ ሲከፈት አውራ ጣት የሚያርፍበት ዳር። ጎድጓዳው ውስጥ ግን አሮጌው አቧራ እንዳለ ነው። በማኅደር ተይዞ የኖረ መጽሐፍ ብዙም ላይታሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ማኅደሩን እዩት፣ መታሸቱን እሱ ላይ ታገኙታላችሁ። ገበታውና ጽሑፉ እኩያ ላይሆኑ እንደሚችሉም አስቡ፤ አሮጌ ብራና አዲስ ልብስ ሲለብስ ኖሯልና። ደግሞ ጥንታዊ የሆነውን ወደ ውጭ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል።

አዲስ ሥራ ደጓሽ ዘንድ ልታዝዙ ከሆነ መጀመሪያ ስለ ቆዳው ጠይቁ። ብዙው የፋብሪካ ቆዳ በክሮም የተለፋ ነው፤ ለጫማ ይመቻል፣ ድጎሳን ግን አይይዝም። ብረቱ ሲነሳ ቆዳው መልሶ ይነፋል፣ ምልክቱም በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። የቆዳውን ቁራጭ ውሃ አስነክታችሁ በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፤ ጭረቱ ጠቆር ብሎ ከቀረ ለሥራው ይሆናል።

ዓይን የሚለምደው በማየት ነውና፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን አትለፏቸው። ለንደን ለምትኖሩም በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል ብራናዎች ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። የምታዩት በፎቶግራፍ ከሆነ ጥላ የሌለበትን ምስል አትመኑት፤ ጥልቀትን ይበላል።

የኔታ በዚያ ቀን የአያቴን ዳዊት ሲመረምሩ ቆይተው የጣታቸውን ጫፍ በታችኛው ረድፍ ላይ አሳረፉ። ምልክቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ነኩ። ወደ ማዕዘኑ ሲቃረቡ ቆም አሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ምልክቶች ሳስተዋል። ገበታውን ዞር አደረጉት። ከማዕዘኑ በኋላ ያለው ረድፍ ጥርት ብሎ፣ ጠቁሮ፣ በእኩል ክብደት ይጀምራል።

«እዚህ ላይ ፍሙ አልቆበታል፣» አሉ። «መሽቶበትም ይሆናል። ይኸኛውን የሠራው በማግስቱ ነው።»