ሰም የጠጣ ጃኬትና የባለቤቱ ድርሻ

ሰም የጠጣ የጥጥ ጃኬት ዝናብ በመከላከል ችሎታው ብቻ ቢመዘን ኖሮ ዛሬ ገዢ ባላገኘ ነበር። ይከብዳል። ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ብርድ ሲመታው ይገረራል። አዲስ ሳለ የተቀመጡበትን ወንበር ያወዛል፤ ጠረኑ ከለባሹ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ፈጽሞ አይከተትም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ውሃ የመከልከል አቅሙ እየሳሳ ሄዶ ማለቁ ነው፤ እንደገና ሰም ካልጠጣ ተራ ጥጥ ሆኖ ይቀራል። እንዲህም ሆኖ መቶ ዓመት ገደማ ኖሯል፤ የመርከበኛ፣ የገበሬ፣ የሞተረኛ፣ የመኳንንትና የሙዚቀኛ ልብስ እየሆነም አልፏል። ብዙ ሰው ይህን ዕድሜ ለፋሽን ይሰጠዋል፤ ፋሽን ሄዶ ይመለሳልና ጃኬቱም አብሮ ተመለሰ ይባላል። ጃኬቶቹን ለሚጠግንና ሰም ለሚያጠጣ ባለሙያ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ያኖረው ያው ጉድለቱ ነው። ሰሙ ስለሚያልቅ ባለቤቱ በየጊዜው ጃኬቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሊያየው ይገደዳል፤ ስለሚያየውም ስፌቱ ተተርትሮ ሳያልቅ፣ ቀዳዳውም ሳይሰፋ ይደርስበታል። መልኩና ስሙ እንዲህ የተለዋወጠውም በዚሁ ረጅም ዕድሜ የተነሳ እንደሆነ ላስረዳ እሞክራለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባሕር ላይ ነው። በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በአርብሮዝ የዌብስተር ቤተሰብ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የመርከብ ሸራ ያመርት ነበር። የዚያ ዘመን ሸራ የሚሸመነው ከተልባ እግር ነው። የረጠበ ሸራ ከደረቁ የተሻለ ነፋስ እንደሚይዝ መርከበኞች ያውቃሉ፤ ችግሩ ውሃ የጠጣ ሸራ መክበዱና መርከቡን ማዘግየቱ ነበር። ስለዚህ ሸራውን ዘይት ማጠጣት ተለመደ፤ ከጊዜ በኋላም የተልባ ዘይት ተመረጠ። ክሩ ከእግሩ፣ ዘይቱ ከፍሬው፣ ሁለቱም ከአንድ ተክል ወጡ ማለት ነው። ያረጀውን ሸራ መርከበኞቹ ቆርጠው ለራሳቸው ካባ ሰፉበት። ይሁን እንጂ የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ባሕርዩ ይለወጣል፤ እየጠጠረ ይሄዳል፣ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ በብርድ ጊዜም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ዘይት አሙቆ ወደ ቀድሞው መመለስ አይቻልም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ሸማኔዎችና ማቅለሚያ ቤቶች ከተልባ ዘይት ወደ ፓራፊን ሰም፣ ከተልባ እግርም ወደ ጥጥ ዞሩ። ስለዚህ ልብስ ሲወራ ይህ ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ እኔ ግን የታሪኩ ማጠንጠኛ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል፤ እንደ ተልባ ዘይት ባሕርዩን አይለውጥም። የተሰነጠቀ ሰም እንደገና ይቀልጣል፣ የጎደለውም ይሞላል። መታደስ የሚችል ልብስ የተገኘው በዚያን ጊዜ ነው።

አሠራሩን ላብራራ። ጥጡ ጠበቅ ተደርጎ ይሸመናል፤ ሰሙ በድርና በማጉ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ የዝናቡ ጠብታ መግቢያ ያጣል፣ እየተንከባለለም ይወርዳል። ጃኬቱ ሲለበስ ግን ክርኑ ይታጠፋል፣ ትከሻው በቦርሳ ማንገቻ ይፈተጋል፣ የኪሱ አፍ በእጅ ይታሻል። ሰሙ በነዚያ ቦታዎች ላይ ይፈረካከሳል፤ ጨርቁም ነጣ ያለ መስመር ያወጣል። ውሃው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። ምጣድን ያሟሸ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ የጎመን ዘሩ የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ እንጀራው እንዳይዝ እንደሚያደርግ፣ ማስለቀቅ ሲያቅተውም ምጣዱ እንደገና እንደሚሟሽ ሁሉ፣ ይህም ጨርቅ በአንድ ጊዜ ሥራ የሚያበቃለት አይደለም። ለማደስ መጀመሪያ ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፋል፤ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ እስፖንጅ ይጠረጋል። ሳሙና አይነካውም፤ ሙቅ ውሃም አይሆንም። የሰሙ ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ሲቀልጥ በጨርቅ እየተነከረ በቀጭኑ ይቀባል፤ ከሁሉ በፊት ስፌቱ፣ ከዚያ እጥፋቱ፣ ከዚያ ሜዳው። ኮሌታው ላይ ያለው ጨርቅና የኪሱ ውስጥ አይቀባም። በመጨረሻ የፀጉር ማድረቂያ እየተነፋበት የላይኛው ወዝ እስኪጠፋና ጨርቁ ሰሙን እስኪጠጣ ይታሻል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በብዛቱ ነው፤ ሰም ሲበዛ ጃኬቱ ይጣበቃል እንጂ የበለጠ ዝናብ አይከላከልም።

ከሰሙ ይልቅ ስፌቱ ነው የባለሙያውን እጅ የሚፈትነው። ተራ ጨርቅ መርፌ ሲወጋው ክሩ ወደ ቦታው ይመለስና ቀዳዳው ይደፈናል። ሰም የጠጣ ጨርቅ ግን የተወጋበትን አይረሳም። ሰፊው አንድ መስመር አበላሽቶ ቢተረትር የመጀመሪያው የቀዳዳ ረድፍ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ዝናብም ያንን መንገድ ያውቀዋል። ስለዚህ የተለያየ ስፌት የሚመለሰው በራሱ በድሮው ቀዳዳ እየተገባ ነው፤ አዲስ ጥፍ ሲለጠፍም በስፒል ተይዞ ሳይሆን በመቆንጠጫ ተይዞ ነው የሚሰፋው። ስፌቱ ከመጠን በላይ ሲደጋገምም አደጋ አለው፤ የተቀራረበ ቀዳዳ ጨርቁን መቅደጃ መስመር ያደርገዋልና። ክሩንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ የጥጥ ክር ውሃ ሲነካው ያብጥና መርፌው የተወውን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ፖሊስተር ደግሞ ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ውስጡ ፖሊስተር፣ ላዩ ጥጥ የሆነው ክር ይመረጣል። መርፌው በሰም እየተለወሰ ስለሚያዝም በየጊዜው መጠረግ አለበት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጥገናው አስቸጋሪ መሆኑን ለማሳየት አይደለም፤ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ነው። የተጣፈው ቦታ ሰም ሲጠጣ ከቀድሞው ጨርቅ ጋር አንድ ወዝ ያገኛል፤ ጥፉ ቢታይም አያሳፍርም። ንጉሥ ቻርልስ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ ጥፍ በጥፍ የሆነ አሮጌ ጃኬታቸውን ለብሰው በአደባባይ መታየታቸውን ሰው ሁሉ ያወራለታል፤ ጠጋኝ ግን የሚያየው የለባሹን ማዕረግ ሳይሆን ጨርቁ ያን ሁሉ ጥፍ መሸከሙን ነው።

እንግዲህ ስለ መልኩ መለዋወጥ። በ1894 ጆን ባርበር የተባለ ስኮትላንዳዊ የታይን ወንዝ ባሕር በሚገባበት በሳውዝ ሺልድስ ሱቅ ከፈተ፤ ደንበኞቹ መርከበኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የወደብ ሠራተኞች ነበሩ። በ1936 የልጅ ልጁ ዳንካን ለሞተረኞች የሚሆን ልብስ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኡርሱላ የተባለችው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ከሞተረኛው ልብስ ተነስተው ለባሕረኞቻቸው ልብስ አሠሩ፤ እሱም በመርከቧ ስም ተጠራ። በ1964 ተዋናዩ ስቲቭ ማኩዊን በምሥራቅ ጀርመን በተካሄደው የስድስት ቀን የሞተር ብስክሌት ውድድር የባርበርን የሞተረኛ ልብስ ለብሶ ተሰለፈ። በ1980 ማርጋሬት ባርበር ቤዴል የተባለውን ጃኬት ለፈረሰኛ አጠር አድርገው ቀረጹ፤ በ1983 ደግሞ ቦፎርት የተባለውን፣ ከኋላው ሰፊ የግዳይ ኪስ ያለውን፣ ለአዳኝ። የቤተ መንግሥቱ ዕውቅና በ1974 ከመስፍን ፊሊፕ፣ በ1982 ከንግሥቲቱ፣ በ1987 ከአልጋ ወራሹ መጣ፤ አረንጓዴው ጃኬትም በለንደን የባለጸጋ ልጆች መለያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ጭቃ ውስጥ ወጣት ዘፋኞች ለበሱት፤ በ2012 በወጣው ስካይፎል ፊልም ደግሞ ጄምስ ቦንድ ለብሶት ታየ። በአሜሪካም በ1897 ሲያትል ውስጥ የተመሠረተው ፊልሰን ለወርቅ ፈላጊዎችና ለእንጨት ቆራጮች የሚሠራው ሰም የጠጣ ወፍራም ጥጥ ዛሬ ዛፍ ቆርጠው በማያውቁ የከተማ ሰዎች ትከሻ ላይ ይታያል።

በዚህ ሁሉ መሀል አቆራረጡ ትንሽ ተለወጠ እንጂ ጨርቁና ሰሙ በመሠረቱ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ለባሹ ነው። አንድ ልብስ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው የሚሻገረው በማስታወቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ አዲሱ ብቻ በተሻገረ ነበር። ይህ ጃኬት ግን አሮጌውም ይሻገራል፤ አባት ለልጅ ይተወዋል፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ይገባል፣ ገንዘብ የሌለው ተማሪም ይገዛዋል። በሁለት ዓመት የሚያልቅ ልብስ ከመጀመሪያው ለባሹ ጋር ይሞታልና መልኩ አንድ ብቻ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የሚኖር ልብስ ግን ያላሰበው ሰው እጅ መውደቁ አይቀርም።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ከዚህ የተሻለ ጨርቅ ተገኝቷል የሚለው፣ ቀላል አይደለም። ቦብ ጎር በ1969 ፒቲኤፍኢ የተባለውን ፕላስቲክ ባንድ ጊዜ ስቦ ሲለጥጠው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን እንደሚሆን አገኘ፤ በ1976 ጎርቴክስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ዝናብ ከውጭ ይከለክላል፣ የላብን እንፋሎት ከውስጥ ያስወጣል፤ ክብደቱም ከሰም ጃኬት በእጅጉ ያንሳል። ተራራ ለሚወጣ ወይም ለረጅም ሰዓት በዶፍ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሰም የጠጣ ጥጥ ልበስ ብሎ መምከር ስህተት ነው፤ ይህን ያለማንገራገር እቀበላለሁ። ነገር ግን ያ ሽፋን ከጨርቁ ጋር የተያያዘው በማጣበቂያ ነው። ላዩ ላይ የሚረጨው ውሃ አንሸራታች መድኃኒት ሲያልቅ ሊታደስ ይችላል፣ ትንሽ ቀዳዳም ይለጠፋል፤ ማጣበቂያው ከለቀቀ በኋላ ግን የትኛውም ጠጋኝ ሊመልሰው አይችልም። በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የፍሎሪን ኬሚካል በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚከማች ኩባንያዎቹ ራሳቸው እየተዉት ነው። በሌላ በኩል ፓራፊን ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ነገር መሆኑን የሚያነሱ አሉ፤ እውነት ነው፣ ንጹሕ ነው ብዬ አልከራከርም። የኔ ክርክር ሌላ ነው፤ በየጊዜው አንድ ጣሳ ሰም የሚጠይቅ አንድ ጃኬት፣ በዚያው ዘመን ከሚገዙና ከሚጣሉ በርካታ ጃኬቶች ያነሰ ነገር ያባክናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጃኬቱ የሀብታም የገጠር ጨዋታ ልብስ ነው የሚለው ነው። በመስከረም 2002 የቀበሮ አደን እንዳይከለከል ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ለንደን ላይ ሰልፍ ሲወጡ ይኸው አረንጓዴ ልብስ በየመንገዱ ይታይ ነበር፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ጃኬቱን የሚያያይዘው ከዚያ ወገን ጋር ነው። ዋጋውም ይህን ስሜት ያጠነክረዋል። ለዚህ የምመልሰው፣ የወደብ ሠራተኛው ከባለርስቱ ቀድሞ ለብሶታል ብዬ ብቻ አይደለም፤ የቀደመ ታሪክ ለዛሬ ዋጋ መልስ አይሆንም። ዋጋው የሚፈረደው በሚያገለግልበት ዘመን ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ ከተገዛበት ሱቅ ይልቅ በባለቤቱ እጅ ነው ያለው። ሀብታም ሆኖ ሰም የማያስጠጣ ሰው ጃኬቱ በጥቂት ዓመት ይሰነጠቅበታል፤ አሮጌውን በርካሽ ገዝቶ የሚንከባከብ ሰው ከሱ ረጅም ዘመን ይለብሳል። በዚህ ነገር ጨርቁ ለማንም አያዳላም።

እኔን የሚያሳስበኝ የመደቡ ነገር ሳይሆን ጃኬቱን ከሥራው ለይቶ መልኩን ብቻ የሚሸጠው ገበያ ነው። ሰም የሚመስል ወዝ የተቀባ ፖሊስተር፣ ኮሌታውና አረንጓዴው ቀለም ተሟልቶለት፣ በብዙ ሱቅ ተሰቅሏል። ሽፋኑ መላጥ ሲጀምር የሚያድነው የለም። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም፤ እውነተኛው ጨርቅ በጥፍር ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል፣ መስመሩም በጣት ሙቀት ሲታሽ ይጠፋል። በአውሮፓ የምትኖሩና ያገለገለ ጃኬት የምትፈልጉ አንባቢዎች ጥፍራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የነጣ ክርን፣ የተበላ የእጅጌ ጫፍ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ የተቀደደ ገበር ሁሉ የሚስተካከል ነው፤ በነሱ ዋጋ አስቀንሱ። የሚያስፈራው ሁለት ነገር ነው፤ እርጥብ ሆኖ ታጥፎ በመቀመጡ ክሩ ውስጥ የሰረፀ ሻጋታ፣ እና ትከሻው ላይ ለጠጥ ሲደረግ የሚበጠስ ድር። በሳሙና የታጠበውም ሰም ሊጠጣ ይችላል፤ ግን አንዱ ቦታ ጠጥቶ ሌላው ይተፋል፣ ድካሙም እጥፍ ነው። አዲስ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከጨርቁ ክብደትና ከቀለሙ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ አምራቹ ጃኬቱን መልሶ ተቀብሎ ሰም ያጠጣል ወይ፣ ገበሩንና ዚፑን ለብቻው ይሸጣል ወይ። የባርበር ኩባንያ በሳውዝ ሺልድስ የደንበኞቹን አሮጌ ጃኬት እየተቀበለ ይጠግናል፤ ይህን አገልግሎት የማይሰጥ ቤት ዋጋውን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ አለበት።