በየዓመቱ ወደ አንዲት ከተማ
ስለ ዮሲፍ ብሮድስኪ የቬኒስ መጽሐፍ

ሰው አንዲትን ታላቅ ከተማ አንድ ጊዜ ቢጐበኛት ስለ ከተማዪቱ ይናገራል፤ ደጋግሞ ቢመለስባት ግን ስለ ራሱ ሳይናገር አይቀርም። በመጀመሪያው ጕዞ ዓይን ይቸኵላል፤ ግንቡንና አደባባዩን፥ ድልድዩንና ቤተ ክርስቲያኑን ቈጥሮ ለመጨረስ ይጣደፋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ የሚቈጠረው ስለሚያልቅ፥ ተመላሹ «ዛሬስ ምን ፈልጌ መጣሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል። ከወዳጅ ጋራ የሚሄድ ሰው ይህን ጥያቄ በጨዋታ ያልፈዋል፤ ብቻውን የሚሄድ ግን የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ሩሲያዊው ባለቅኔ ዮሲፍ ብሮድስኪ ስለ ቬኒስ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ሊመረመር የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

ብሮድስኪ በ1940 በሌኒንግራድ ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1964 የሶቪየት ፍርድ ቤት ሥራ የሌለው ጥገኛ ነው ብሎ ፈረደበትና ወደ ሰሜን፥ ወደ አርካንጌልስክ አውራጃ ተጋዘ። በ1972 ከአገሩ እንዲወጣ ተገደደ፤ ወደ አሜሪካም ሄዶ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ትምህርት ለልደት በዓል ሲቋረጥ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ገባ። ከዚያም በኋላ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል፥ ጥቂቱ ሲቀር በየዓመቱ፥ በብርድ ወራት እየተመለሰ ሄደባት። በ1987 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1989 ከተማዪቱን ከባሕር ሙላት ለመጠበቅ የተቋቋመ አንድ የቬኒስ ማኅበር ጽሑፍ እንዲጽፍለት ስለ ጠየቀው፥ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ አስቀድሞ የታተመው ግን በጣልያንኛ ተተርጕሞ ነው።

የጣልያንኛው ስም «የማይድኑት ዳርቻ» እንደ ማለት ነው፤ ይኸውም በ1522 ለማይድኑ ሕሙማን የተመሠረተውን ሆስፒታል የሚያስታውስ የውኃ ዳር መንገድ ነው። በ1992 በእንግሊዝኛ ሲወጣ «የውኃ ምልክት» ተባለ። በእንግሊዝኛ ይህ ቃል ሁለት ትርጕም ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው ውኃ ሲጐድል በግንብ ላይ ትቶት የሚሄደው መሥመር ነው፤ ሁለተኛው በወረቀት ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው፥ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ካልተነሣ በቀር የማይታየው ምልክት ነው። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ትርጕም ልብ ቢል መልካም ነው፤ በኋላ ያስፈልገዋልና።

መጽሐፉ የከተማዪቱ ታሪክ አይደለም፤ የመንገደኛ መምሪያም አይደለም። በአጫጭር ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፥ አንዱ ክፍል የመጀመሪያውን ሌሊት፥ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ የሆነውን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ የትኛው ጕዞ እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅም። ሰውዬው በሌሊት ከባቡር ወርዶ በጣቢያው ደጅ ይቆማል፤ በብርድ የቀዘቀዘ የባሕር ሣር ሽታ ሲሸተው፥ በባልቲክ ባሕር ዳር ያደገ ነውና፥ ወዲያው ደስታ ይሰማዋል። ጭጋግ በወረደ ጊዜ ሲጋራ ለመግዛት የወጣ ሰው በገዛ ሰውነቱ በጭጋጉ ውስጥ የቦረቦረውን መንገድ ይዞ ሊመለስ እንደሚችል ይናገራል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ጕዞዎቹን በየዓመታቸው አሰልፎ ባቀረበ ነበር። ብሮድስኪ ግን እንዲህ ስላላደረገ ትክክል ሠርቷል። ደጋግሞ ለሚመለስ ሰው ዓመቶቹ በውስጡ ይቀላቀላሉ፤ የአምናውን ድልድይ ከዘንድሮው፥ የዘንድሮውን ዝናብ ከአምናው መለየት ያቅተዋል። የመጽሐፉ አሠራር ከነገሩ ባሕርይ ጋራ የተስማማ ስለ ሆነ፥ ይህ ከምስጋናዎቹ መጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ወራቱን ስለ መምረጡ ነው። ብሮድስኪ ቬኒስን በሙቀት ወራት ማየት አልወደደም። ያን ጊዜ እንግዳው ይበዛል፤ ድምፅና ሽታም ይበረታል። በብርድ ወራት ግን ቤቶቹ ይቀዘቅዛሉ፥ መንገዶቹ ባዶ ይሆናሉ፥ ብርሃኑም አጭርና ንጹሕ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመጣ ሰው ለምቾቱ አልመጣም። በብርድ መኝታ ቤት ውስጥ ልብሱን እንደ ለበሰ እየተንቀጠቀጠ የሚወዳት ከተማ በእውነት የተወደደች ናት።

ይህን ከሌላ ተመላሽ ጋራ ማስተያየት ይገባል። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በ1835 ገና ልጅ ሳለ ቬኒስን አየ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያያት በ1888 ነው። እርሱ ሲመለስ መሰላልና መለኪያ ይዞ ነበር፤ ዓምዱን፥ ቅስቱንና ጕልላቱን ለካ፥ ሣለ፥ ከ1851 እስከ 1853 ባሉት ዓመታትም «የቬኒስ ድንጋዮች» የሚባለውን መጽሐፍ በሦስት ክፍል አወጣ። ረስኪን የተመለሰው ከተማዪቱ ሳትጠፋ መዝግቦ ለማትረፍ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ብሮድስኪ ግን ምንም አልለካም። ከተማዪቱ ያለ እርሱ እንደምትኖር አውቆ፥ ለማየት ብቻ መጣ። ረስኪን ቬኒስን ለማዳን ሲጨነቅ በቍጣ ይጽፋል፤ ብሮድስኪ በትሕትና ይጽፋል። በትሕትናው ረስኪንን ይበልጠዋል፤ በትጋቱ ግን አይደርስበትም።

እንዲህም ሆኖ መጽሐፉ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። አጻጻፉ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ አንባቢ በፌዙና በምሳሌው እየተደሰተ ሲሄድ ምን እንዳልተነገረው አያስተውልም። ያልተነገረው ነገር የቬኒስ ሕዝብ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኙት ሰዎች ይበልጡን በትልልቅ ቤቶች የሚኖሩ፥ የተማሩና ስም ያላቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለመዘባበቻ ቀርበዋል። ዳቦ ጋጋሪው፥ ጀልባ ቀዛፊው፥ በየሳምንቱ ለደብሩ ሻማ የምታበራው አሮጊት አይናገሩም። ዐሥራ ሰባት ዓመት የተመላለሰ ሰው የአንዱን ጐረቤት ኑሮ ሳያውቅ መቅረቱ ጕድለት ነው።

ይህም ጕድለት ቀላል አይደለም፤ ስለ ምን ቢባል፥ ቬኒስ የገዛ ልጆቿ የሚለቋት ከተማ ናትና። በ1951 በአሮጌው ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። በ1966 በኖቬምበር 4 ቀን የባሕሩ ሙላት ከልኩ 194 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ምድር ቤቱን ሁሉ አጠፋ፤ በ2019 ደግሞ 187 ደረሰ። በ2020 ባሕሩን የሚያግዱት መዝጊያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው ከተማዪቱን ከሙላት ጠበቁ። ባሕሩ በመዝጊያ ሲታገድ፥ የሰው ጐርፍ ግን እንዲህ በቀላሉ አልታገደም፤ በ2024 ለአንድ ቀን ከሚመጡት ጐብኚዎች በተወሰኑ ቀኖች የመግቢያ ገንዘብ መቀበል ተጀመረ። ሄዶ መመለስ ለእንግዳው የፈቃዱ ነገር ነው፤ ለተወላጁ ግን የቤት ኪራይና የእንጀራ ነገር ነው። መጽሐፉ የመጀመሪያውን በጥልቀት ያውቃል፤ ሁለተኛውን ግን እምብዛም አይነካውም።

አሁን ወደ ተሰወረው ምልክት መመለስ ያስፈልጋል። ብሮድስኪ ስለ ልጅነቱ ሲናገር፥ አባቱ ለባሕር ኃይል ሥራ ቻይና ሄዶ ሲመለስ ያመጣት አንዲት ትንሽ የመዳብ ጐንዶላ በቤታቸው እንደ ነበረች ይጽፋል። ጐንዶላ የቬኒስ ቀጭን ጀልባ ናት። ወላጆቹ ቍልፍና መርፌ፥ የፖስታ ቴምብርና የመድኃኒት ፍሬ ያኖሩባት ነበር። ነገሩ በጥቂት ቃል ይነገርና ያልፋል። ነገር ግን መጽሐፉን ወደ ብርሃን ላነሣው ሰው ምልክቱ በዚህ ይታያል። ብሮድስኪ ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። እርሱ ከወጣ በኋላ ልጃቸውን ለማየት ደጋግመው ፈቃድ ጠየቁ፤ ሁልጊዜም ተከለከሉ። እናቱ በ1983፥ አባቱ በ1984 ሞቱ፤ ሁለቱም ሳያዩት ቀሩ። ሁለቱ ወላጆች በየዓመቱ በር ሲያንኳኩ፥ ልጃቸው በየዓመቱ በአባቱ ቤት ምስሏ ወደ ነበረው ከተማ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ «ምን ፈልጌ መጣሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ መመለስ ስላቃተው ተመለሰ። ሁለቱም ከተሞች በውኃ ላይ የተሠሩ፥ ግንባቸው በውኃ ውስጥ የሚታይ ናቸው፤ በአንደኛዋ ዳር ሲቆም ሁለተኛዋን ያያል። ይህን ግን በግልጥ አልጻፈውም። ቢጽፈው ኖሮ መጽሐፉ ልቅሶ በሆነ ነበር፤ ዝም ስላለ ግን ፍቅር ሆነ። ይህ ዝምታ የመጽሐፉ ትልቁ ኃይል ነው። ሆኖም ዝምታው አንድ ነገር ይሸፍናል። ቈይቶ የተዘጋው በር ተከፈተ፤ በ1991 ከተማውም የጥንት ስሙን ሴንት ፒተርስቡርግን መልሶ አገኘ። ብሮድስኪ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ወደዚያ አልሄደም። በዚያ የሚጠብቁት ወላጆች አልነበሩም። እዳ የሌለባትን ከተማ በየዓመቱ መሳለም ይቻላል፤ እዳ ያለባት ከተማ ግን እንዲህ አትደፈርም።

ብሮድስኪ በ1996 በኒው ዮርክ ሞተ፤ በ1997 ሥጋው ወደ ቬኒስ ተወስዶ፥ የከተማዪቱ መቃብር በሆነችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ተቀበረ። በዚህች ደሴት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍራ ማውሮ የተባለ መነኵሴ በገዳሙ ተቀምጦ ታላቁን የዓለም ካርታ ሠርቶ ነበር፤ ካርታው ዛሬ በቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ፍራ ማውሮ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ነገር ግን አገሩንና ወንዙን በገዛ እጃቸው ሥለው ካሳዩት የአገሩ ተወላጅ ካህናት እንደ ተማረ በካርታው ላይ ጽፏል፤ አባይንና አዋሽንም በየስማቸው አስገብቷል። መነኵሴው ከስፍራው ሳይነሣ የሰው አገር ያወቀው ሰዎቹን ጠይቆ በመስማቱ ነው። ባለቅኔው ዐሥራ ሰባት ዓመት ተመላልሶ በሚያስደንቅ ዓይን አየ፤ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው። የሁለቱን ሥራ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው፥ አንዱ ከሌላው የጐደለውን ያገኛል።

ብቻውን ወደሚወደው አሮጌ ከተማ የሚመላለስ ሰው ይህን ትንሽ መጽሐፍ ቢይዝ ይጠቀማል፤ ቀስ ብሎ ማየትን፥ ለኔ ይሁን ሳይሉ መውደድን ያስተምረዋል። ከዳቦ ጋጋሪው ጋራ መነጋገርን ግን ከሌላ ዘንድ መማር አለበት። ደግሞም እናት አባቱ በሕይወት ሳሉ፥ የሚከለክለውም ሳይኖር፥ ጕዞውን ሁሉ ወደ ውጭ አገር ከተማ ያደረገ ሰው ቢኖር፥ ስለ መዳቧ ጐንዶላ የሚናገረውን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው።