የጎንደሩ መንግሥቱ ወርቁ

ደባርቅ ላይ አመሻሽ፣ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ብርድ ሳይበረታ፣ ልጆች በጨርቅ ኳስ ይራወጣሉ። ካልሲ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታጭቆ በሲባጎ የተጠፈረች ኳስ ናት፤ እምብዛም አትነጥርም፣ ከእግር ሳይለዩ መግፋትን ግን ታስተምራለች። ልጆቹ እየጮኹ የሚጠሩት የአውሮፓ ክለቦችን ተጫዋቾች ነው። እኔ ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከጎንደር የተገኘውን አጥቂ መንግሥቱ ወርቁን ቢያውቁልኝ እወዳለሁ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ተፋለሙ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። የመጀመሪያው የአቻነት ደስታ ገና ሳይበርድ የግብፁ ባዳዊ መልሶ አገባ፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን የኢትዮጵያው ሉቻኖ ቫሳሎ ደረሰ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ 3ኛዋን አስቆጠረ። መንግሥቱ 4ኛዋን አክሎ ነገሩን ጨረሰ፤ 4 ለ 2!

በውድድሩ ኢትዮጵያ የተጫወተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መንግሥቱ በእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች 3 ጎል አግብቶ የኮከብ ግብ አግቢነቱን ከባዳዊ ጋር ተጋርቷል። አጥቂ ማለት ይህ ነው፤ ቡድኑ በጨነቀው ሰዓት የሚገኝ።

በክለብ ደረጃ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነበር። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ከሜዳ አልራቀም፤ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ጭምር መርቷል። በ2003 ዓ.ም. አረፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ከ1954ቱ ድል ወዲህ ዋንጫውን ዳግም አላነሳችም።